ባለቤት የሌለው ቃል፤ ስለ ሃይማኖት ማስታወቂያ የተደረገ ምርመራ

በቅኔ ቤት ሥርዓት ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት በቀረበ ጊዜ፥ መምህሩ አስቀድሞ የሚመረምረው ቃሉ ለጆሮ መጣፈጡን አይደለም፤ ባለቤቱ ማን ነው፥ ተሳቢው ምንድር ነው፥ ማሰሪያውስ ወዴት አለ ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ባለቤት የሌለው ቃል ማን እንዳደረገው አይታወቅም፤ ማሰሪያ የሌለው ቃልም ምን እንደ ተደረገ አይታወቅም፤ እንዲህ ያለውን ቅኔ ሰሙ ምንም ቢያምር መምህሩ አይቀበለውም። ይህ ሕግ ለቅኔ ብቻ የተሠራ ቢመስልም በአደባባይ ለሚነገር ቃል ሁሉ ሚዛን ሊሆን የሚችል ነውና፥ በዛሬው ዘመን ብዙ ሰዎች በሚከራከሩበት በአንድ ነገር ላይ ልንሞክረው አሰብን። ነገሩም የሃይማኖት ማኅበሮች እንደ ነጋዴ ገንዘብ ከፍለው በጎዳና፥ በሬዲዮ፥ በቴሌቪዥን፥ በሲኒማ ቤትና በአውቶቡስ ላይ ማስታወቂያ ያወጡ ዘንድ ይፈቀድላቸዋልን ወይስ አይፈቀድላቸውም የሚለው ነው።

ጥያቄው አንድ ቢመስልም በውስጡ ሁለት ጥያቄ አለ። አንደኛው የመንግሥት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚል ነው። ሁለተኛው የሃይማኖት ሰዎች የራሳቸው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የተፈቀደ ሁሉ ይጠቅማልን፥ የተፈቀደስ ሁሉ ያንጻልን የሚል ነው። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈላቸው መልእክት እነዚህን ሁለቱን ለይቶ አስተምሮአል። የዛሬ ተከራካሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ይደባልቋቸዋል፤ መከልከልን የሚጠላው ሰው የወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ መልካም ነው ይላል፤ ማስታወቂያውን የሚጠላው ሰው ደግሞ ሕግ ይከልክለው ይላል። እኛ ግን ሁለቱን ለይተን፥ ነገሩ እስከ ዳኛ ከደረሰባቸው አገሮች ምሳሌ እያመጣን እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ሃይማኖት በአደባባይ መናገሩ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። ነቢዩ ዮናስ በነነዌ የጮኸው በጎዳና ነው እንጂ በጓዳ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ገበያ ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር ዕለት ዕለት ይነጋገር ነበር፤ በአርዮስፋጎስም በቆመ ጊዜ የትምህርቱን መነሻ ያደረገው በአንድ መሠዊያ ላይ ተጽፎ ያገኘውን ጽሕፈት ነው። ጲላጦስ በመስቀሉ ላይ ያኖረው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፥ በሮማይስጥና በጽርዕ የተጻፈ፥ መንገደኛ ሁሉ የሚያነበው ሰሌዳ ነበር፤ የአይሁድ ካህናትም ቃሉ ይለወጥ ብለው ቢለምኑት የጻፍሁትን ጽፌአለሁ ብሎ መልሶላቸዋል። በአገራችንም ንጉሥ ዔዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ፥ ቀድሞ በገንዘቡ ላይ ይታተም የነበረውን የጨረቃና የክበብ ምልክት ትቶ መስቀልን አተመበት። ከእርሱም በኋላ የነገሡ የአክሱም ነገሥታት ይህ ነገር አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ቃል በጽርዕ ቋንቋ በገንዘባቸው ላይ ጽፈዋል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ፥ ከገበያ ወደ ገበያ የሚዞር ነውና፥ በዚያ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ አልነበረም።

ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ባለቤቱ ከቃሉ አልተለየም። ዮናስ በእግሩ ሄዶ በአፉ ተናገረ። ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሳለ ከሰሚዎቹ እኩሌቶቹ አፌዙበት፥ እኩሌቶቹም ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንሰማሃለን አሉት፤ የሚያፌዝበትም የሚጠይቀውም ሰው በፊቱ ያገኘዋል። ጲላጦስ ስለ ጻፈው ሲጠየቅ እኔ ጻፍሁት ብሎ መለሰ። የዔዛናም መልክ ከነስሙ በገንዘቡ ላይ ነበረ። በዛሬው ዘመን አዲስ የሆነው ነገር የቃሉ አደባባይ መውጣት አይደለም፤ ቃሉ ከባለቤቱ ተለይቶ፥ በተከራየው ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ታይቶ፥ የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር ማለፉ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌዎቹ እንምጣ። በ2015 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አንድ ደቂቃ የሚሆን ፊልም አሠርታ ነበር። ፊልሙ ሌላ ነገር የለበትም፤ አባታችን ሆይ የሚለውን ጸሎት ልዩ ልዩ ሰዎች እየተቀባበሉ ሲጸልዩት ያሳያል። በጊዜው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢ ይጀምሩታል፤ ፖሊሶች፥ ክብደት አንሺዎች፥ ስደተኞች፥ መዘምራን፥ ሕፃናት፥ በመቃብር አጠገብ የቆመ ሐዘንተኛም እያንዳንዱ ከጸሎቱ ጥቂት ጥቂት ይላል። በመጨረሻ ጸሎት ለሁሉ መሆኑን የሚናገርና ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚጠራ ጽሕፈት ይታያል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህ ፊልም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከወጣው ከስታር ዎርስ ፊልም አስቀድሞ በሲኒማ ቤቶች እንዲታይ ፈለገች። በዚያ አገር የአብዛኞቹን ሲኒማ ቤቶች ማስታወቂያ የሚያስተዳድረው ኩባንያ ግን የፖለቲካና የሃይማኖት ማስታወቂያ አልቀበልም፥ ተመልካቾችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል ብሎ መለሰው። በዚህም ነገር ታላቅ ክርክር ተነሣ። ሃይማኖትን በመቃወም የታወቀው ሪቻርድ ዶኪንስ እንኳ ሰውን ቅር ያሰኛል ተብሎ ጸሎት መከልከሉን ተቃወመ። የተከለከለውም ፊልም በክልከላው ምክንያት ከሲኒማ ቤቱ ውጭ ለብዙ ሰው ታወቀ።

ስለ ክልከላው ፍርዳችን አጭር ነው። መጠጥን፥ ሽቶንና አዲስ መኪናን ለማስታወቅ የተከፈተ ቦታ ለጸሎት ብቻ የሚዘጋበት ምክንያት ሊገባን አልቻለም። ቅር መሰኘት ለክልከላ በቂ ምክንያት ከሆነ በአደባባይ የሚነገር ነገር አይተርፍም፤ ከሰሚዎች መካከል ቅር የሚለው አይጠፋምና። ይሁን እንጂ ክልከላው ስሕተት መሆኑ ፊልሙን ከነቀፋ አያድነውም። ስለዚህ ፊልሙን እንደ ድርሰት ቈጥረን፥ ባለቤቱንና ተሳቢውን ማሰሪያውንም እንጠይቅ።

የፊልሙ ባለቤት የታወቀ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ በስሟ አውጥታዋለች፥ ሊቀ ጳጳሷም በመልካቸው ታይተዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። የሚጸልዩትም ሰዎች በየሥራቸውና በየሐዘናቸው መታየታቸው መልካም ትርጓሜ አለው። አንድም ጸሎት የካህናት ብቻ እንዳይደለ ያሳያል፤ አንድም በመቃብር አጠገብ የቆመው ሐዘንተኛና በጂምናስቲክ ቤት ያለው ጎልማሳ አንድ አባት እንዳላቸው ያስተምራል፤ አንድም ጸሎቱ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እኛ ተብሎ የተሰጠ ነውና፥ ብዙዎች እየተቀባበሉ ሲሉት የብዙዎች መሆኑ በግልጥ ይታያል። ችግሩ ያለው ጸሎቱ ለማን ተነገረ በሚለው ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ያስተማራቸው ጸሎት ለአብ የሚነገር ነው። በፊልሙ ግን ሰዎቹ ወደ አብ እየተናገሩ ሳሉ የሚሰማቸው ትኬት ቈርጦ ፊልም የሚጠብቅ ተመልካች ነው፤ የመጨረሻውም ጽሕፈት ለአብ ሳይሆን ለተመልካቹ የተነገረ ነው። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሰሚ ገባ፤ አንደኛው በሰማይ ያለው፥ ሁለተኛው በወንበር የተቀመጠው። በቅኔ ይህ ቢሆን መምህሩ ለማን ነው የተባለው ብሎ ይመልሰዋል። ጌታ በጎዳና ማዕዘን ቆመው ሰው እንዲያያቸው የሚጸልዩትን የነቀፈው ጎዳናውን ጠልቶ አይደለም፤ የጸሎቱ ሰሚ ተለውጦ ስላገኘው ነው።

ስለዚህ ፊልሙ ሊፈቀድ የሚገባው፥ በአሠራሩም ከሌሎች ሁሉ የተሻለ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ጸሎት ከሚያሳይ ይልቅ ወደ ጸሎት የሚጠራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሙሉ በሆነ ነበር። ደወል ይህን ያውቃል። ደወል ከሩቅ ይጠራል እንጂ ቅዳሴውን በአደባባይ አይቀድስም።

ሁለተኛው ምሳሌ በአውቶቡስ ላይ የተጻፈው ነው። አሪያን ሼሪን የተባለች እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ በ2008 በለንደን አውቶቡስ ላይ የክርስቲያኖችን ማስታወቂያ አየች፤ በማስታወቂያው ላይ ወደ ተጻፈው ድረ ገጽ ብትሄድ የማያምኑ ሁሉ በገሃነም እንደሚሠቃዩ የሚናገር ቃል አገኘች። ስለዚህም መልስ የሚሆን ሌላ ማስታወቂያ እንዲወጣ በጋዜጣ ጻፈች። 5,500 ፓውንድ ለመሰብሰብ የታሰበው ከ150,000 ፓውንድ በላይ ሆነና፥ በጥር 2009 በ800 አውቶቡሶች ላይ፥ አምላክ ምናልባት የለም፥ እንግዲህ ጭንቀትን ትታችሁ በኑሮአችሁ ተደሰቱ የሚል ጽሕፈት ወጣ። ብዙ ሰው ከሰሰ፤ በዚያ አገር ማስታወቂያን የሚመረምረው ማኅበር ግን ይህ የአስነጋሪው አሳብ ነው እንጂ ሐሰት ተብሎ የሚታረም የዕቃ ምስክርነት አይደለም ብሎ ተወው።

የዚህ ጽሕፈት ፍሬ ነገር ያለው ምናልባት በሚለው ቃል ላይ ነው። በዚያ አገር ይህ ቃል በአንድ የቢራ ማስታወቂያ የታወቀ ነው፤ ጋዜጠኛይቱም ይህንኑ ምሳሌ አድርጋ፥ ቃሉ ከማስታወቂያ ሕግ እንደሚጠብቅ ጽፋለች። እንግዲህ ስለ ዓለም ሁሉ መገኛና ስለ ሰው ፍጻሜ የሚነገረው ነገር ቢራን በሚለካበት መስፈሪያ ተሰፈረ። ይሁን እንጂ ቃሉን በመናቅ ብቻ አናልፈውም። የማያምነው ሰው ምናልባት ብሎ ባላወቀው ነገር ላይ በር ትቶአል፤ ጥያቄ ሊገባበት ይችላል። ከክርስቲያኖች ወገን የወጣው አንዱ መልስ ግን ከዚህ የከፋ ሆነ። በዚያ አገር ያለ በክርስትና ስም የሚጠራ አንድ የፖለቲካ ፓርቲ የዚያኑ ጽሕፈት አሠራር ወስዶ፥ አምላክ በእርግጥ አለ፥ እንግዲህ ወደ ፓርቲያችን ገብታችሁ ተደሰቱ የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ፥ ምናልባትን በእርግጥ መለወጥ ቀላል ሆኖ ሳለ ለእርግጡ ምስክር አልመጣም፤ የአምላክም መኖር የአንድ ፓርቲ ሰሌዳ ማድመቂያ ሆነ። መልሱ የጠያቂውን ልብስ ተውሶ ስለ መጣ ማን መላሽ ማን ጠያቂ እንደ ሆነ የማይለይ ሆነ። አደባባዩ የሚያስተምረን ነገር ይህ ነው፤ በማስታወቂያ የጀመረ ክርክር በማስታወቂያ ሲመለስ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ትምህርቱ አይጨምርም።

ሦስተኛው ምሳሌ በአሜሪካ የሆነ ነው። ከ2022 ጀምሮ ኢየሱስ ይረዳናል የሚል ትርጉም ባለው ስም ታላቅ የማስታወቂያ ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። በየካቲት 2024 ሱፐር ቦውል በተባለው የፍጻሜ ጨዋታ መካከል አንድ ደቂቃ የሚሆን ማስታወቂያ ታየ። ሰዎች የማይስማሙአቸውን ሰዎች እግር ተንበርክከው ሲያጥቡ የሚያሳዩ ሥዕሎች እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ በመጨረሻም ኢየሱስ ጥላቻን እንዳላስተማረ፥ እግር እንዳጠበ የሚናገር ቃል ይመጣል። በዚያ ጨዋታ መካከል ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር። ብዙዎችም ይህ ገንዘብ ለድኆች በተሰጠ ይሻል ነበር ብለው ነቀፉት። እኛ በዚህ ነቀፋ ላይ መቸኰል አንፈልግም፤ ስለ ሽቱው ዋጋ ይህን የመሰለ ቃል በቢታንያ አስቀድሞ የተናገረው ማን እንደ ሆነ ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፎልናልና።

የእኛ ነቀፋ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ባለቤቱ አልተገለጠም። ለዘመቻው ገንዘብ ከሰጡት ብዙዎቹ ስማቸውን አላወጡም። በስውር መመጽወት ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን ትምህርትና ምጽዋት አንድ አይደሉም። ምጽዋትን ማን እንደ ሰጠ ቀኝ ለግራ ባይነግር መልካም ነው፤ ትምህርትን ግን ማን እንዳስተማረ ካልታወቀ ማን ይመለስበታል? ሁለተኛ፥ ሥዕሉ ጴጥሮስ የለውም። በወንጌል ታሪኩ የጸናው ጴጥሮስ እግሬን አንተ አታጥበውም ብሎ በተከራከረ ጊዜ ነው፤ በዚያ ክርክር ምክንያት የማጠቡ ምሥጢር ተገለጠ። በማስታወቂያው ግን ማንም እንቢ አይልም፥ ማንም አይጠይቅም፥ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይታጠባል። ሦስተኛ፥ በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያናችን የሚደረገው ሕጽበተ እግር የሚታጠበውን እግር ያርሳል፤ ካህኑ ይጎነበሳል፥ የሚታጠበውም ስሙ ይታወቃል። የማስታወቂያው ውኃ ግን የማንንም እግር አላራሰም። ተመልካቹ ሥዕሉን አይቶ ልቡ ቢነካ እንኳ የማንን እግር ነገ እንደሚያጥብ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ሰሙ ከሦስቱ ምሳሌዎች ሁሉ የተዋበ ሆኖ ሳለ ማሰሪያው የጠፋበት ይህ ነው።

የሃይማኖት ሰዎችን ሥራ በዚህ ከመዘንን በኋላ፥ የሕግን ሥራ ደግሞ በዚያው ሚዛን እንመዝን። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ የባቡሩና የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት በ2015 የሃይማኖትን ማስታወቂያና ሌሎች አከራካሪ ነገሮችን ሁሉ ከለከለ። በ2017 የከተማይቱ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ስለ ልደት በዓል እረኞችና ኮከብ ያሉበትን፥ ፍጹሙን ስጦታ ፈልጉ የሚል ማስታወቂያ በአውቶቡስ ላይ ለማውጣት ጠይቆ ተከለከለ። ነገሩም ወደ ዳኛ ሄደ። በ2018 የይግባኙ ፍርድ ቤት ለመሥሪያ ቤቱ ፈረደ፤ በጥር 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሳያይ ተወው። ዳሩ ግን በዚያው በልደት ወራት ነጋዴዎች የበዓሉን ስጦታ ከእኛ ግዙ ብለው በእነዚያው አውቶቡሶች ላይ ማስታወቅ ይችላሉ። እንግዲህ የበዓሉ ስም ለሸቃጩ ተፈቅዶ በዓሉን ለሚያከብሩት ተከለከለ። ይህን ሕግ አውጪዎቹ ሰላምን አስበው ያደረጉት ቢሆንም፥ ከክርክር ሊያድኑ ፈልገው ቃሉን ከባለቤቱ ነጥለውታል።

የአየርላንድ ሕግ ግን ልንመረምረው የሚገባ ጥበብ አለበት። በ1995 በደብሊን ያለ አንድ ሰባኪ ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ የተዘጋጀ የቪዲዮ ትርኢት በትንሣኤ ሳምንት እንደሚታይ በሬዲዮ ለማስታወቅ ፈልጎ፥ በ1988 በወጣው ሕግ ምክንያት ተከለከለ። እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2003 መንግሥቱ ሰባኪውን አልበደለም ብሎ ፈረደ። ምክንያቶቹም ሃይማኖት በዚያች ደሴት ብዙ ጠብ ያስነሣ መሆኑ፥ ክልከላው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ብቻ እንጂ በጋዜጣና በስብሰባ አለመሆኑ፥ ሁሉ ቢፈቀድም ብዙ ገንዘብ ያለው ማኅበር አየሩን ሊወስድ መቻሉ ነበሩ። ሆኖም በ2001 የወጣው የአየርላንድ ሕግ አስቀድሞ አንድ መንገድ ከፍቶ ነበር፤ ይኸውም አንድ የሃይማኖት ጋዜጣ እንደሚሸጥ ወይም አንድ የሃይማኖት ጉባኤና ሥርዓት እንደሚደረግ ማስታወቅ ይቻላል፥ ነገር ግን ይህ ሃይማኖት ይሻላል እያሉ በማስታወቂያው ውስጥ መስበክ አይቻልም የሚል ነው።

ይህን ልዩነት እኛ እንደ መንግሥት ሕግ አንቀበለውም። ኑ ማለት ተፈቅዶ ስለምን እንደሚመጡ መናገር ከተከለከለ አፍን በግማሽ መዝጋት ነው፤ ዳኛም የማስታወቂያን ወሰን ሲጠብቅ ሳያስበው የትምህርት መርማሪ ይሆናል። ነገር ግን የሃይማኖት ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ለራሳቸው ሊያወጡት የሚገባ ሕግ ቢኖር ይህ ነው እንላለን። ማስታወቂያ ቀኑን፥ ቦታውንና የሚያስተምረውን ሰው ስም ይናገር፤ ትምህርቱን ግን ለጉባኤው ይተወው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቃሉ ባለቤት ያገኛል፤ የሰማውም ሰው ሄዶ ሊጠይቅና ሊከራከር ይችላል።

ሕግ ሊከለክለው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ሊፈጸም በማይታወቅ ተስፋ ሰውን መሳብ ነው። በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ የሚሠራ አንድ የክርስቲያኖች ቡድን እግዚአብሔር አስምን፥ ቁስለትን፥ ሽባነትንና ሌላውንም ሕማም እንደሚፈውስ በወረቀት አስታውቆ፥ በ2012 ያ የማስታወቂያ መርማሪ ማኅበር እንዲህ ያለውን ቃል ተዉ አላቸው። አንዳንድ የምክር ቤት አባሎች ሃይማኖት ተነካ ብለው ተቃወሙ። በእኛ አስተያየት ግን በዚህ ጊዜ የዓለም ሰዎች የሃይማኖትን ክብር ጠብቀዋል። ወደ ጠበል የሚሄድ ድውይ በሃይማኖት ይሄዳል፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ትድናለህ ብሎ የዋስትና ወረቀት የሚጽፍለት ካህን የለም። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ብዙ ድውያን ተኝተው ሳለ ያን ቀን የተፈወሰው መጻጉዕ ብቻ ነበረ። ፈውስ የሰጪው ፈቃድ ስለ ሆነ በሻጭና በገዢ ውል አይገባም። ፈውስን በሰሌዳ የሚያስታውቅ ሰው የእግዚአብሔርን ፈቃድ በራሱ ስም ቃል ይገባል፤ ታማሚውም ሳይድን ቢቀር እምነት አነሰህ ተብሎ በሕማሙ ላይ ኃጢአት ይጨመርበታል። ይህን መከልከል ሃይማኖትን መከልከል አይደለም፤ የታመመውን ከመታለል መጠበቅ ነው እንጂ።

አንዳንድ ሊቃውንት ምናልባት እንዲህ ይሉን ይሆናል፤ በጆሮ የሰማነውን በሰገነት ላይ እንድንሰብክ ታዘናል፥ መብራትም በዕንቅብ በታች አይኖርም፥ እናንተ ግን ስብከትን ወደ ጉባኤ ቤት ትመልሳላችሁ። መልሳችን ይህ ነው። ሰገነቱን አልከለከልንም፤ በሰገነቱ ላይ ሰው ይቁምበት አልን እንጂ። በመቅረዝ ላይ የተቀመጠ መብራት በቤቱ ላሉት ያበራል፤ እነርሱም መብራቱ ማን ቤት እንዳለ ያውቃሉ። ደግሞም ሌሎች፥ ነጋዴው ሌሊትና ቀን ሲጮኽ እናንተ ዝም ብትሉ ወጣቶች የማንን ድምፅ ይሰማሉ ይላሉ። ይህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው፤ በእውነትም የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን ወጣቱ የጎደለው ድምፅ አይደለም። ድምፅ ሞልቶለታል። የጎደለው ጥያቄውን ተቀብሎ፥ ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ቦታ የሚያገኘው መምህር ነው። ለአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ ለስንት መምህር ቀለብ እንደሚሆን የማኅበራት አለቆች ይቍጠሩት።

የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን ድምፁን ሰፈር ሁሉ ይሰማዋል። ከዚህ የበለጠ የአደባባይ ጥሪ የለም። ነገር ግን ድምፁ ከመልኩ አልተለየም፤ ውሻም ይጮኽበታል፥ የቤቱ እመቤትም ወጥታ ልጄ ከወዴት መጣህ፥ ምን ትማራለህ፥ መምህርህ ማን ይባላሉ ብላ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ይመልሳል። ቁራሽ ብትሰጠው ለማን እንደ ሰጠች ታውቃለች፤ ባትሰጠውም ማንን እንደ መለሰች ታውቃለች። በከተሞቻችን ጎዳና የጉባኤና የንግሥ በዓል ማስታወቂያ በየአጥሩ እየበዛ በሚሄድበት በዛሬው ጊዜ፥ ማስታወቂያ የሚያወጡ ሁሉ ከዚህ ልጅ ሥርዓት ቢማሩ አያፍሩበትም።

እንግዲህ የምርመራችን ፍሬ ይህ ነው። መንግሥት የሃይማኖትን ማስታወቂያ አይከልክል፤ ለመጠጥና ለሽቶ የከፈተውን ቦታ ለጸሎት አይዝጋ፤ ሐሰተኛ ተስፋን ግን ማን ቢናገረው ይከልክል። የሃይማኖት ማኅበሮችም የተፈቀደላቸውን ቦታ ከመከራየታቸው በፊት ጽሕፈታቸውን እንደ ቅኔ በመምህር ፊት ያቅርቡት። ባለቤቱ ማን ነው? ለማን ተባለ? ሰሚውን ከምን ጋር ያስረዋል? ለሦስቱ መልስ ያለው ይውጣ፤ ለሦስቱ መልስ የሌለው ግን ምንም ቢያምር ተመልሶ ይቈጠር። ቃሉን የሰጠን አምላክ ቃሉን የምንናገርበትን ማስተዋል ያድለን፤ አሜን።